ሰቆጣ ላይ ያልገዛሁት ጎራዴ

በ1997 ዓ.ም.፣ ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣ ደሴ ያለውን የመኪና መለዋወጫ ሱቄን ለወንድሜ አስረክቤ ወደ ሰቆጣ ተነሣሁ። ለንግድ አይደለም የሄድኩት። አሮጌ ጎራዴ፣ ጩቤና ሳንጃ መሰብሰብ የሚባል አመል አለብኝ። ባለቤቴ “ሌላው ገንዘቡን ጠጅ ቤት ያጠፋል፣ የእኔው ዝገት ላይ” ትላለች። በዚያ ሰሞን ሰቆጣ የሚያስተምረው ወዳጄ ካሳ፣ አንድ ሽማግሌ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጎራዴ ማየቱን በሰው ላከብኝ። እጀታው የአውራሪስ ቀንድ፣ ሰገባው ቀይ ቆዳ ነው አለ። ይህን ሰምቼ ሱቅ ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም።

ዛሬ ካሳ በሕይወት የለም፤ ነፍሱን ይማረውና። ያንን ጉዞ ሳስታውስ መጀመሪያ የሚታየኝ መናኸሪያ በር ላይ ጋቢውን ደርቦ፣ እጁን እያወዛወዘ የቆመው እሱ ነው።

ከደሴ እስከ ኮረም

እስከ ወልዲያ ያለውን መንገድ በደንብ አውቀዋለሁ። ቆቦ ሜዳ ላይ ማሽላው ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል፤ አየሩ የደረቀ አገዳ ይሸታል። አላማጣ ወርደን ምሳ በላን። ከዚያ በላይ ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪ ይዞ፣ በሌላው ካሴት እየገለበጠ ወጣው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት በየኩርባው “ማርያም፣ ማርያም” ይላሉ። እኔም ድምፄን አላሰማሁም እንጂ በሆዴ አብሬያቸው እል ነበር።

ኮረም ብርዱ ሌላ ነው። በአሥር ብር አልጋ ይዤ፣ ትኩስ ሽሮ በልቼ፣ ኮቴን ሳላወልቅ ተኛሁ።

ወደ ሰቆጣ

ጠዋት ስኳር የጫነ አይሱዙ አገኘሁና ጋቢና ተቀመጥኩ። መንገዱ ጠጠር ነበር፤ አቧራው በተዘጋ መስኮትም ይገባል። ተራራው እየተራቆተ፣ ሸለቆው እየጠለቀ ሄደ። በየጥጉ የድንጋይ ቤቶች ከተራራው ጋር አንድ ቀለም ሆነው ተቀምጠዋል፤ ጢስ ካልወጣባቸው ቤት መሆናቸውም አይታወቅ። ከፊት ለፊታችን ሁለት ወጣቶች ትንንሽ ቦርሳ አንጠልጥለው በእግራቸው ይመጣሉ።

“እነዚህ ደግሞ ወዴት ናቸው?” አልኩት ሾፌሩን።

“አረብ አገር ነዋ! እዚህ የሚቀረው ሽማግሌና ፍየል ነው” አለኝ።

ሰቆጣ ስደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። ካሳ አቅፎኝ፣ ልብሴን አራግፎ፣ ቤቱ ወሰደኝና ከነሰፈፉ ነጭ ማር አቀረበልኝ። እንዲህ ያለ ማር ከዚያ በኋላ አልቀመስኩም ብል አላጋነንኩም።

ጠላ ቤት

በማግስቱ ገበያ ነበር። ካሳ አንድ ጠላ ቤት አስገባኝ። ባለቤቷ የፍየል ሥጋ የምትከትፍበትን ቢላዋ ሳይ መጠጡን ረሳሁት። ጣሊያን ሠራሽ ሳንጃ ነው። በጠመንጃው አፈሙዝ የሚጠልቀው ቀለበት በመጋዝ ተቆርጦ የወይራ እጀታ ተገጥሞለታል፤ የፋብሪካው ቁጥር ግን አሁንም ይነበባል።

“እህቴ፣ ይህን ቢላዋ አትሸጭልኝም?”

“ምን ሊያደርጉት?”

“ላስቀምጠው።”

“ቢላዋ ያስቀምጡታል እንዴ?” አለች። ቤቱ በሙሉ ሳቀ።

አዲስ ቢላዋ ልግዛልሽ አልኳት።

“የእርስዎ አዲስ በወሩ ይዶለዱማል። በዚህ እናቴም ከትፋበታለች” ብላ ፊቷን ወደ ሥጋዋ መለሰች። ሁለት ጣሳ ጠላ ጠጥቼ ባዶ እጄን ወጣሁ።

አያ ወልዱ ቤት

ቀጥሎ ባለው ቀን ከካሳ ጋር በእግር ወደ ሰቆጣ ዙሪያ ወጣን። መንገድ ላይ ካሳ የአገሩን ወግ ነገረኝ። ጎራዴ ያለ ጠብ አይመዘዝም። ለቅሶ ላይ ግን ከነሰገባው ይወጣል፤ የሟች ወገን ከፍ አድርጎ ይዞት ያለቅሳል። ሰገባው ባዶ የሆነ ቤት በለቅሶ መሃል አንገቱን ይደፋል።

“ስለዚህ ይሸጡልኛል ብለህ አትጓጓ፤ ለማየትም ከፈቀዱልህ ትልቅ ነገር ነው” አለኝ።

አያ ወልዱ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው እማማ ዝማም ደግሞ ትንሽዬ፣ እግራቸው የማያርፍ፣ ባላቸውን “አንቱ” እያሉ የሚጠሩ ሴት ናቸው። ከልጆቻቸው ሁለቱ አረብ አገር፣ አንዷ መቀሌ፣ ሌሎቹ እዚያው አካባቢ ባለ ትዳር ናቸው። መደቡ ላይ ተቀምጠን የቤተሰቡ ጤና ሁሉ በተራ ተጠየቀ።

ጎራዴው ከራስጌያችን ተሰቅሏል። ቀይ ቆዳው በቅቤ ታሽቶ ያብረቀርቃል፤ የቀንዱ እጀታ በብዙ ሰው መዳፍ ለስልሷል። በሕይወቴ እንደዚያ የተመኘሁት ዕቃ የለም። ጉዳዬን ስናገር እማማ ዝማም ከጓዳ ብቅ አሉ።

“እንግዳ ሳይበላ ስለ ብረት ይወራል?” አሉ። የማሽላ እንጀራ መጣ፤ በላን። ጠላ መጣ፤ ጠጣን። እንደገና ላነሣ ስል “ፀሐይ ሳትበረታ ማሳውን አሳዩዋቸው እንጂ” አሉ። ሴትዮዋ ከግድግዳው ሊያርቁኝ እንደፈለጉ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

አያ ወልዱ ተነሥተው ጎራዴውን አወረዱና እጄ ላይ አኖሩት።

“ይሸጥልኛል ብለህ ከሆነ አልሸጥም። ዓይነቱን ታውቃለህ ካሉኝ ግን አይተህ ንገረኝ። ለማወቅ ቢመዘዝ ጠብ አይደለም።”

መዘዝኩት። ግማሹ እንደወጣ ወደ በሩ ብርሃን አዞርኩት። ከባሕር ማዶ የመጣ ምላጭ ላይ የማውቀው ቦይ የለም፤ የሠሪው ማህተም የለም። ምን እንደሆነ የነገረኝ የጎራዴ እውቀቴ ሳይሆን ሱቄ ነው። ወፍራም፣ በመጠኑ የጎበጠ፣ ድሮ ብሎን ያልፍበት የነበረው ቀዳዳ በሌላ ብረት የተደፈነ። ባሌስትራ ነው፤ የጭነት መኪና አካል ሥር ተደራርቦ ሸክሙን የሚችለው ብረት። ደሴ በየቀኑ የምሸጠው ዕቃ።

ቀና ስል እማማ ዝማም ጣሳውን እንደያዙ ቆመው ያዩኛል። ፊታቸው ላይ የነበረውን ፍርሃት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሚስጥሩ የማን እንደሆነ፣ በአንድ ቃል ምን እንደማፈርስ ገባኝ።

“የአያቴ ነው?” አሉ አያ ወልዱ።

ካሳን አየሁት፤ እሱ ጣሪያውን ያያል።

“እጀታውና ሰገባው የአያትዎ ነው፣ አባቴ። እንዲህ ያለ ሥራ ዛሬ የለም” አልኳቸው።

“ስለ ብረቱ ነው የጠየቅኩህ።”

ጎራዴውን ወደ ሰገባው መለስኩት። እማማ ዝማም ጣሳውን አስቀምጠው መሬት ላይ ተቀመጡ።

“እንግዳውን አያስጨንቁት። እኔ ነኝ” አሉ። “በሰባ ሰባቱ ረሃብ፣ አንቱ እርዳታ ፍለጋ ኮረም የወረዱ ጊዜ ነው። ልጆቹ ማልቀስ እንኳ አቁመው ነበር። አንድ ነጋዴ መጣ፤ ብረቱን ለማሽላ ለወጥኩት። ሰገባው አርጅቷል ብሎ ተወው። ቀጥቃጩ ጎረቤታችን አዘነልኝና መንገድ ላይ ከቀረ መኪና ይህን ሠርቶ ከተተልኝ።”

አያ ወልዱ ጢማቸውን ዳሰሱ።

“አውቃለሁ” አሉ።

“ምን?”

“አጎቴ የሞተ ጊዜ ለለቅሶው ይዤው ወጣሁ። ከበደኝ። የአያቴ ብረት እንደዚያ አይከብድም ነበር። ዞር ብዬ ልጆቼን አየሁ። ሁሉም ቆመዋል። በዚያ ዓመት ከየጎረቤቱ ቤት ጎድሏል፤ ከእኔ ቤት አልጎደለም። አልቅሼ ስጨርስ መልሼ ሰቀልኩት።”

እማማ ዝማም ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ ብድግ ብለው በአገራቸው ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ፣ ወረዱባቸው። ካሳን በክርኔ ነካሁት።

“ይሄ ለእንግዳ አይተረጎምም” አለኝ።

ከዚያ ወደ አማርኛው መጡ፤ “አንቱ” ማለቱም ቀረ። “ሃያ ዓመት! ሰው ወደዚያ ግድግዳ ቀና ባለ ቁጥር በጠላ ሳዘናጋ! ለቅሶ በተጠራ ቁጥር ዛሬ ተዋረድኩ ስል! አንተ እያወቅህ!”

“ትነግሪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ስትቆዪብኝ እንግዳው ይገላግለን ብዬ አወረድኩት።”

“እኔ ደግሞ ትገድለኛለህ ብዬ!”

ሽማግሌው ሳቁ። እማማ ዝማም በነጠላቸው ጫፍ የባላቸውን ትከሻ መቱና ያን ጊዜ እንባቸው መጣ። እኔም ጢስ እንደገባበት ሰው ዓይኔን እጠርግ ነበር።

ልንሄድ ስንል ልማድ ሆኖብኝ፣ ምናልባት ሰገባውን እንኳ ቢሸጡልኝ ብዬ ጠየቅኩ።

“አሁንማ የእሷ ነው። እሷን ጠይቅ” አሉ አያ ወልዱ።

“አይሸጥም!” አሉ እማማ ዝማም፤ ራሳቸው ተንጠራርተው መልሰው ሰቀሉት።

ደሴ

በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ባለቤቴ ሻንጣዬን ፈትሻ ከማር በቀር ስታጣ “በስመ አብ፣ ታመሃል እንዴ?” አለች። ታሪኩን ስነግራት እንጀራው እስኪደርቅ ሳንበላ ቀረን።

ከዚያ ብረቶቼ ወዳሉበት ክፍል ገባሁ። ብዙዎቹ ሰገባ የላቸውም። ነጋዴዎች ከሰሜን ሲያመጡልኝ ምላጩን ብቻ በጆንያ ጠቅልለው ነው። ለምን ብዬ ስጠይቅ “ሰገባው ጠፍቶ ነው” ይሉኛል፤ እኔም አምኜ ዋጋ እቀንስባቸው ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ጎራዴ ሳነሣ የማን አገር ብረት ነው ብዬ ብቻ ነበር የምጠይቀው። ያን ቀን አንድ በአንድ እያነሣሁ ከማን ቤት እንደወጣ አሰብኩ። ሰገባው አልጠፋም። በቅቤ ታሽቶ አንድ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እንግዳ ቀና ብሎ ባየው ቁጥር ልቧ የሚደነግጥ አንዲት እናትም ከሥሩ አለች።