እናቴ ሆስፒታሉ በር ላይ

ዛሬ ዲራ ገበያ አንዲት ተማሪ የውሃ ጠርሙስ በአንድ ትንፋሽ ስትጨልጥ አየሁ። እኔም በአሥራ አራት ዓመቴ፣ እዚሁ ዐረብ አገር መንፉሐ የሚባል ሰፈር ስንኖር፣ ከጓደኞቼ ጋር ተወራርጄ ሆዴ እስኪወጠር ውሃ ጠጥቼ ነበር። ራሴን አዞረኝና እየተንቀጠቀጥኩ ወደቅኩ። የመኖሪያ ፈቃድ ስለሌላት ፖሊስ ስታይ መንገድ የምትቀይረው እናቴ አዝላኝ ሆስፒታል ሄደች። ጥበቃው "ኢቃማሽ የታለ?" አላት።

"የለኝም። ልጄን አድኑልኝ፤ እኔ የትም አልሄድም" አለችው ቀና ብላ።

ሐኪሙ የውሃው ብዛት የደሜን ጨው እንዳሳነሰው፣ ጡንቻዬም እየፈረሰ መሆኑን ነገራት። በማግስቱ ስነቃ ጭኔ ድንጋይ ሆኖ፣ ሽንቴ እንደ ሻይ ጠቁሮ ነበር። ጥበቃው የጠራቸው ሁለት ፖሊሶች ሊወስዷት በር ላይ ቆመው ይጠብቋታል፤ እሷ ግን አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ፣ ሳትቸኩል፣ ፀጉሬን ትጎነጉናለች።

ልጆቼ ስለ አያታቸው ሲጠይቁኝ በኩራት የምጀምረው ከዚህ ነው።