ከአሮጌው ሳጥን ጀርባ

ልብስ ሰፊዋ እማማ የመዳብ ሽቦ ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው በሁለት ጣታቸው ይጠመዝዛሉ። ፊውዝ ሲቃጠል እንዲህ መጠገን ያስተማሯቸው ሟቹ ባለቤታቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ግድግዳው ላይ ያለው የመብራት ሳጥን ባኮረፈ ቁጥር በሽቦ ሲያስታርቁት ኖረዋል።

"ኧረ እማዬ፣ አስቀምጪው!" አለች ልጃቸው የመሣሪያ ቦርሳዋን በሩ ሥር እየጣለች። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናት። ትናንት ዐውሎ ነፋሱ ዛፍ ገንድሶ የቤቱን ገመድ ነቅሎታል። የመብራት ሠራተኞቹም መስመሩን ከምሰሶው ላይ ቆርጠው፣ "ይህ ሳጥን ካልተቀየረ አንቀጥልም" ብለው ሄደዋል።

"እነሱ ምን ያውቃሉ? አባትሽ በእጁ የሰቀለው ነው። በእሱ ብርሃን ነው ያደግሽው።"

"አድጌበታለሁ፤ አሁን ጡረታ ይውጣ።"

"ምላስሽ ቁርጥ አባትሽን!"

እማማ ሽቦውን መሀረባቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ቢቸግር ይደርሳል ብለው ነው። ልጅቱ ክርክሩን ትታ ካቻቪቴዋን አወጣች። የዛጉት ብሎኖች እምቢ ቢሏት ዘይት አጠጥታ ፈታቻቸው፤ ሳጥኑም ተላቀቀ።

ከጀርባው ያለው ጣውላ ከስሏል። የትናንት ቃጠሎ አይደለም፤ ጥላሸቱ ዓመት በዓመት ላይ ተደራርቧል።

"ሽቦው ወፍራም ስለሆነ አይበጠስም፣ እማዬ። እሱ በመበጠስ ፈንታ ገመዱ ይግላል።"

እማማ የከሰለውን በመዳፋቸው ዳበሱት። ከግድግዳው ማዶ የልጅ ልጃቸው አልጋ አለ፤ ትራሷ ልክ እዚህ ጋ ነው። ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ወዲያው ደግሞ ብድግ አሉ።

"በይ፣ ምን ልያዝልሽ?"

"አንቺ አረፍ በይ።"

"አላርፍም! እኔው በጠመዘዝኩት ሽቦ የመጣ ነው።"

ጣውላውን በመዶሻ ነቅለው ያወጡት እሳቸው ናቸው። ልጅቱ አዲሱን ሳጥን ሰቅላ ገመዶቹን ስትለይ፣ "ይኼ የስፌት መኪናዬ፣ ያ የምድጃው" እያሉ ጠቆሟት። ቀን ሙሉ አልተቀመጡም።

በማግስቱ ሠራተኞቹ መጥተው ሳጥኑን አዩ፤ አንደኛው በእሺታ ራሱን ነቅንቆ መሰላሉ ላይ ወጣ። አምፖሉ ቦግ አለ። እማማ መሀረባቸውን ፈቱና ሽቦውን ለልጃቸው ሰጧት። "ወዲያ ጣይልኝ።"

ከዚያ እስክርቢቶ ጠየቋት። ፊደል ከቆጠሩ ገና ዓመት አልሞላቸውም፤ እያንዳንዷን ፊደል እንደ ልብስ ቁልፍ ቀዳዳ ተጠንቅቀው፣ በሳጥኑ ክዳን ውስጥ እንዲህ ብለው ጻፉ፦

"ይህን የከፈትክ ሰው፣ ማንም ሁን ማን፣ እባክህ ሽቦ አትጠምዝዝበት። ከግድግዳው ማዶ ልጅ ተኝታለች።"