ሁለት ቀን ያቆየሁት ወሬ

ኮኪት ኬላ ላይ ከመኪና ያወረደኝ ፖሊስ ቦርሳዬን ሲበረብር መጀመሪያ ያገኘው የሩቅ ማያ መነጽር ነው። ቀጥሎ ቁጥር የሞላበት ደብተር አገኘ። ለጥናት በጆንያ ስለያዝኩት አፈር እንኳ አልጠየቀኝም፤ የሚፈልገውን አግኝቷል።

ያስገቡኝ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነው። ያምናው ሰሊጥ ወጥቶ የዘንድሮው ገና ስላልገባ ባዶውን ነበር፤ ወለሉ ላይ የቀረው ፍሬ እግር ሥር ይንቀጫቀጫል። ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ ስለሚግል ሸሚዛችንን አውልቀን በሩ ሥር ወዳለችው ክፍተት ተጠግተን እንጋደማለን። ለክፍተቷ የሚቀርበውን ቦታ ለአንድ አዛውንት ትተንላቸው ነበር። ልጃቸው ጫካ ገብቷል ተብሎ በእሱ ፈንታ የተያዙ የማሽላ ገበሬ ናቸው።

መርማሪው ደብተሬን እያገላበጠ፣ «ይኸ ሁሉ ቁጥር የምንድን ነው?» አለኝ።

«የወፍ።»

«ወፍ ይቆጠራል?»

«ይቆጠራል።»

ሳቀ። እውነት ለመናገር እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እስቅ ነበር። ካምፕ ውስጥ ያለ ወታደር ስቆጥር እንደከረምኩ ጽፎ «ፈርም» አለኝ። አልፈርምም አልኩ።

ይህ ሲሰማ አዛውንቱ ጠሩኝ። «አንተ የወፍ ሰው፣ እስቲ ና። ማሽላዬ ወተት ይዟል፤ ባለቤቴ ብቻዋን ማማ ላይ ናት። ዘንድሮ ግሪሳ ይወርድ ይሆን?»

«ማሳዎ የት ነው አባቴ?»

«ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ ግራሩ ካለበት።»

ያንን ግራር አውቀዋለሁ። ከመያዜ ሁለት ቀን በፊት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ግሪሳ ሲሰፍርበት ቆሜ አይቻለሁ። ያየ ሰው በዚያው ዕለት ለግብርና ጽሕፈት ቤት መናገር አለበት፤ መድኃኒት የሚረጩት ያን ጊዜ ነው። እኔ አልተናገርኩም። ግሪሳውን ሊበሉ የመጡ ጭልፊቶችና ጉጉቶች እዚያው ነበሩ። መርዙ እነሱንም ይገድላል፤ ወደ አፈሩ ወርዶም ሦስት ዓመት ያጠናኋቸውን ምስጦችና ጥንዚዛዎች ይፈጃል። ሁለት ቀን ልቁጠርና እናገራለሁ አልኩ። ልናገር ጽሕፈት ቤቱ ወዳለበት ወደ ሸሕዲ ስሄድ ተያዝኩ።

ለአዛውንቱ «እንጃ» አልኳቸው።

በአራተኛው ቀን ባለቤታቸው ስንቅ ይዘው መጡ። ዘበኛው በር ላይ ሁለት ቃል ፈቀደላቸው። ወፍ ሲያባርሩ ውለው ድምፃቸው ተዘግቷል። «ወረደብን» አሉ። «በወንዙ በኩል ያለው አልቋል። የላይኛው ቀርቷል፤ የሚጠብቅ ሰው ከተገኘ እሱ ይተርፋል።» አዛውንቱ ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ለምን እንደነገርኳቸው ዛሬም በደንብ አላውቅም፤ ዝምታዬ ያሳፈረኝ ይመስለኛል።

«ሁለት ቀን?» አሉ።

«ሁለት ቀን።»

«ለጭልፊት ብለህ?»

«ለጭልፊትም፣ ለመሬቱም።»

«መሬቱማ የኔ ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

በማግስቱ መርማሪው ወረቀት ይዞ በር ላይ ቆመ። እሳቸውን «አንተ» እያለ ነው የሚያናግራቸው። «ይኸ ሰው ወታደር ይቆጥር እንደነበር ነግሮህ የለ? አሻራህን አድርግና ዛሬውኑ ማሽላህ ዘንድ ግባ።»

አዛውንቱ ተነሡ። ሸሚዛቸውን ለበሱ፤ ቁልፉን አንድ በአንድ እስከ አንገታቸው ቆለፉ።

«ሰብሌን ያስበላብኝ ይኸ ነው» አሉ በጣታቸው እያሳዩኝ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። «ስንወጣ ሽማግሌ ፊት አቆመዋለሁ፤ አልተወውም። ወፍ ነው ግን የሚቆጥር። ያልሰማሁትን ሰማሁ አልልም።»

መርማሪው ወረቀቱን አጥፎ ሄደ። እሳቸውም ሸሚዛቸውን አውልቀው ቦታቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል አልተናገሩኝም፤ ስንቅ ሲመጣ ግን ድርሻዬን ከፊቴ ያኖሩልኝ ነበር። የላይኛው ማሽላም ማለቁን የሰማነው በሳምንቱ ነው።

እኔ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተፈታሁ። ለምን እንደታሰርኩም ለምን እንደተፈታሁም የነገረኝ የለም። እሳቸው ታመው፣ ሳይፈቱ አረፉ።

አሁንም እዚያው ቆላ አፈር እቆፍራለሁ፣ ወፍ እቆጥራለሁ። ግሪሳ ሰፍሮ ሳይ መጀመሪያ ለባለማሳው እነግራለሁ፤ ደብተር የምከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። ጭልፊቶቹ ይሞታሉ። እነሱንም እየለቀምኩ እመዘግባለሁ።

አምና ባለቤታቸው ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸውና፣ ሽማግሌ ይቀመጥና የተፈረደብኝን ልካስዎት አልኳቸው። ማሳው ዳር ቆመው ብዙ አዩኝ።

«ከሳሽህ የት አለና?» አሉኝ።

ጥፋተኛ ነህ ብለው ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።