የዓርብ ጨርቅ

ዛሬ ጠዋት ከአሰንዳቦ ተሳፋሪ ጭኜ ስመለስ ዳገቱ መሃል ላይ ሚኒባሱ ጮኸ። ቀጭን፣ ጥርስ የሚያሳክክ ጩኸት ነው፤ የሞተር ቺንጋ፣ ማዞሪያው የጎማ ቀበቶ፣ ሲንሸራተት ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አይስተውም። ትናንት ላቫጆ ያለው ልጅ ሳይጠይቀኝ ሞተሩን በናፍጣ ጠርጎልኝ ኖሯል። የሞቀ ናፍጣ ሽታ ከእግሬ ስር እየተነሳ ውስጡን ሞላው። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት፣ "ልጄ፣ ይሄ ነገር በሰላም ያደርሰናል?" አሉኝ። "ሲደርቅ ይተዋል፣ እማማ" አልኳቸው። ከዚያ እስከ ጅማ ድረስ ሰው ያወራውን አልሰማሁም። ሰሞኑን ይደክመኛል፤ ሲደክመኝ ደግሞ አባቴ ቶሎ ይመጣብኛል።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከአጋሮና ከሊሙ ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲመላለስ የኖረ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። እኔ ኮሌጅ በገባሁበት ዓመት ስትሮክ ግራ ጎኑን መታው። ነፍሱ ተረፈች፤ ግራ እጁና ግራ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆኑም፣ ምላሱም ከበደ። የጭነት መኪናው ተሸጠና በምትኩ አንዲት ነጭ የጀርመን አውቶሞቢል ተገዛች፤ ለሙሽራ የምትከራይ። ትምህርቴን ትቼ ሹፌሯ ሆንኩ። ማንም አላስገደደኝም፤ መሪ የሚይዝ ሌላ ሰው ግን ቤታችን ውስጥ አልነበረም።

መኪናዋ ትንሽ ብትሆንም ጉልበቷ ለብቻው ነበር። ሞተሯ ላይ ሱፐርቻርጀር የሚሉት ዕቃ አለ፤ አየር በግድ እየገፋ ያስገባላትና ከመጠኗ በላይ ትጎትታለች። ይሄን ዕቃ የሚያዞረው ከፊት ለፊት ያለ ቺንጋ ነው። ቺንጋው የሚዞርበትን ክብ ብረት፣ ፑሌጃውን፣ ጨብጦ ከያዘ መኪናዋ ዳገት አታውቅም። ከተንሸራተተ ግን ትጮሃለች፣ ትጮሃለች፣ ከዚያ ጉልበቷ ይከዳትና ባጃጅ ይቀድማታል።

አባቴ ቤት መቀመጥ አልሆነለትም። በሽታው ሰሞን ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ያለው በራችን ላይ ወንበር አውጥቶ የሚያልፉትን መኪኖች ዓይኑን ጨፍኖ በድምፃቸው ይለይ ነበር። ያም ሰለቸው። አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ፣ "ኮፈኑን ክፈትልኝ" አለኝ።

"ምን ልታደርግ፣ አባዬ?"

"ነገ ሙሽራ ልትጭን አይደል? ፊቷን ሳትታጠብ ትሄዳለች?"

ከዚያ ወዲያ ዓርብ የእሱ ሆነ። ናፍጣ በቆርቆሮ ይቀዳል፣ ከአሮጌ ፎጣ የተቀደደ ጨርቁን ይነክራል፣ ግራ እጁን ጉያው ስር ወሽቆ በቀኙ ሞተሩን ይጠርጋል። የከሰዓቱ የአስር ሰላት እስኪደርስ ቀና አይልም። ግቢው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ እናቴ "ልብስ አስጥቻለሁ እኮ!" እያለች ትጮሃለች፤ እሱ አይሰማትም። ሲጨርስ በደህናው እግሩ ወደ ኋላ ያፈገፍግና ፀሐይ ሞተሩ ላይ ስታብረቀርቅ አይቶ፣ "ጋሪዳ" ይላል በኦሮምኛ፣ "ጥሩ ነው፤ አሁን ሰው ፊት ትቅረብ።" ሰርግ ቤት ውስጥ ወንዶቹ ኮፈኑን አስከፍተው፣ "ማሻአላህ! እዚህ ላይ ምሳ ይበላል!" ይሉ ነበር። ወሬውን ይዤለት ስገባ ፈገግታውን ለመደበቅ ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል።

ቡና ተሸጦ ሰርግ በሚበዛበት ወቅት ነው ነገሩ የጀመረው። ከጊንጆ ጉዱሩ የጫንኳቸውን ሙሽሮች ለፎቶ ወደ ጅሬን ኮረብታ ሳወጣ፣ ዳገቱ ላይ መኪናዋ ጮኸችና ሞተች ማለት ይቻላል። ነዳጁን እስከ ወለሉ ብረግጠው የምትሄደው በሰው እርምጃ ነበር። የሚዜዎቹ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈን። ከኋላ ሲዘፍኑ የነበሩት ሴቶች ዝም አሉ። ሙሽራው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ወንድሜ፣ ሰርግ ነው ወይስ ቀብር?" አለኝ። ሙሽሪት ከዓይነ ርግቧ ስር ሳቀች።

መካኒኩ ቺንጋውን ወጠረው። በሚቀጥለው ቅዳሜም ጮኸ። አዲስ ቺንጋ ከአዲስ አበባ አስመጥተን ቀየርን፣ ጮኸ። ይበልጥ ወጠረው፤ ይሄኔ ደግሞ ከውጥረቱ ብዛት ፑሌጃው የሚዞርበት ኩሽኔታ ማልቀስ ጀመረ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ስነዳት አንድም ነገር የላትም። "ይቺ መኪና ቅዳሜን ትጠላለች" አለ መካኒኩ እጁን እየጠረገ። ሰዉም ለሰርጉ ሌላ መኪና መፈለግ ያዘ።

አንድ ዓርብ መካኒኩ ራሱ ቤታችን መጣ። አባቴ ሥራው ላይ ነበር። መካኒኩ ከጎኑ ቆሞ ያንን ጨርቅ ሲከታተል ቆየ፤ ቆርቆሮው ውስጥ ይነከራል፣ ቺንጋው ላይ ይሄዳል፣ ፑሌጃው ቦይ ውስጥ ይገባል፣ እንደገና ይነከራል። ከዚያ አንድ ጣቱን ቺንጋው ላይ አሳረፈና ከአውራ ጣቱ ጋር እያሻሸ እኔን አየኝ።

"ማል ታኤ? ምን ሆነች?" አለ አባቴ፣ "አገኘኸው?"

"ትንሽ ረግቦ ነው፣ አባባ። እናስተካክለዋለን። እርስዎ ይቀጥሉ፣ ያምራል።"

ስሸኘው በሩ ላይ ቆሞ፣ "ሌላውን ይጥረጉ፣ ቺንጋውን ብቻ እንዲተዉት ንገራቸው" አለኝ።

ነገርኩት። በተቻለኝ መጠን ቀለል አድርጌ፣ እንደ ቀልድ፣ "አባዬ፣ ቺንጋዋን ዝለላት፤ ናፍጣ ሲነካት ትንሸራተታለች" አልኩት። እጁ ቆመ። "እስከዛሬ የጮኸችው በእኔ ነው?" አለ። ስንት ዘመን የነዳ ሰው ናፍጣ ቺንጋን ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ በሽታው ያንንም ከውስጡ ወስዶበት ነው። ያስደነገጠው ይሄ ይመስለኛል። ጨርቁን አጥፎ ቆርቆሮው ላይ አስቀመጠና ገባ።

በሚቀጥለው ዓርብ ከመስጊድ እንደተመለሰ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ከዚያ በኋላም እንዲሁ። በሩ ላይ እንኳ አይቀመጥም። ሰሃኑ እንደቀረበ ይመለሳል። እናቴ ማድ ቤት ይዛኝ ገብታ፣ "ምን ብለኸው ነው?" አለችኝ፣ "ይሄን ያህል ጊዜ በሽታው ያላደረገውን አንተ በአንድ ቀን አደረግከው።" ያ ሰው እጁ ላይ የቀረችው አንዲት ሥራ ነበረች። ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ።

"አባዬ" አልኩት አንድ ዓርብ፣ "መካኒኩ ተሳስቷል። የሚጮኸው ኩሽኔታው ነበር፤ ቀየርነው። ኮፈኑን ከፍቼልሃለሁ።"

ከትራሱ ቀና ብሎ ብዙ አየኝ። "ወላሂ?" አለኝ።

"ወላሂ" አልኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቅዳሜ የእኔ ሥራ ሆነች። አባቴ ገና ሳይነጋ ለሱብሂ ሰላት ምርኩዙን ተደግፎ፣ እግሩን እየጎተተ ሲወጣ ተነስቼ ኮፈኑን እከፍታለሁ። እናቴ ከጀሪካን ለብ ያለ ውሃ ታፈስልኛለች። ቺንጋውን በሳሙና አሽቼ፣ የፑሌጃውን ቦይ በጥርስ ብሩሽ ፈትጌ፣ በደረቅ ጨርቅ አደርቃለሁ። የቀረውን አልነካውም፤ እሱ እንዳሳመረው ይቆያል። የምርኩዙ ድምፅ ከመንገዱ ሲሰማ እዘጋለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ አደረግን። ሁሌ በፍቅር ነበር አልልም። ዝናብ ባደረ ጠዋት፣ ጣቴ ደንዝዞ፣ እኩዮቼ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመረቁ እኔ ቺንጋ ስፈትግ፣ ምነው ይሄ ሰው እጁን ቢሰበስብልኝ ያልኩበት ጊዜ አለ።

ማታ ስገባ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ያንኑ ነበር።

"ጮኸች?"

"አልጮኸችም።"

"አየህ!" ይላል። ሳምንቱን ሙሉ በዚያች ቃል ይኖር ነበር።

በመጨረሻዋ ዓርብ ለጁምዓ አልሄደም፤ መቆም አቅቶታል። ተሸክሜ አወጣሁትና ወንበሩን ከመኪናዋ አስጠጋሁት። ቀኝ እጁም እየከዳው ስለነበር ከክንዱ ስር ያዝኩለት። አብረን ነከርን፣ አብረን ጠረግን። ቺንጋው ላይ ሲደርስ ብዙ ቆየ፤ ወዲያና ወዲህ፣ ወዲያና ወዲህ። እኔም እጁን ወደ ሌላ ቦታ አልገፋሁትም። ናፍጣው በክርናችን ይንጠባጠብ ነበር። "ጋሪዳ" አለ ሲደክመው።

ንጋት ላይ ለሱብሂ አዛን ሲባል ሄደ።

በዚያው ዕለት ቀበርነው። ከመቃብር ስመለስ ሽማግሌዎች ጭኜ ነበር። ዳገቱ ላይ መኪናዋ ጮኸች። ቺንጋውን እንዳላጠብኩት ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። አንደኛው ሽማግሌ ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ "ልጄ፣ መኪናህ ታማለች፤ አሳያት" አሉኝ። "ደህና ናት፣ አባባ" አልኳቸው። እንባዬ ይወርድ ነበር፤ ግን የእሱ ናፍጣ ገና ላይዋ ነበርና ስትጮህ ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴ ጩኸቷን ከቤት ሆና ሰምታ ኖሮ፣ ከለቀስተኞቹ መሃል ተነስታ ጀሪካኑንና ሳሙናውን ይዛ ወጣች።

"ተይው፣ እማዬ" አልኳት።

አየችኝ፤ መልሳ ይዛው ገባች።

ለሰርግ የጠየቁኝን ሁሉ መኪናዋ ተበላሽታለች እያልኩ መለስኩ። ከሰዓት ከሰዓት ለብቻዬ ወደ ጅሬን እነዳት ነበር። ዳገቱ ላይ ትጮሃለች፣ እኔም መስኮቱን ዝቅ አድርጌ እሰማታለሁ። በየቀኑ ግን ድምፅዋ እየሳሳ፣ ዳገቱም እየቀለላት ሄደ። አንድ ቀን ነዳጁን ረግጬ ስጠብቅ ምንም አልመጣም። እንደ አዲስ መኪና ሽቅብ በረረች።

ጫፉ ላይ አቁሜ ኮፈኑን ከፈትኩ። ጣቴን ቺንጋው ላይ አሳረፍኩት፤ ደርቋል። አሸተትኩት። ጎማ ጎማ ብቻ ይል ነበር።