ከአጥሩ አሥር እርምጃ

አደን ትዕግሥት ያስተምራል ይባላል። አያስተምርም። ትዕግሥት ያለው ሰው ከቤቱ ይዞት ይሄዳል፤ የሌለው ባልዲ ይዞ ይሄዳል። ይህን የምጽፈው ባልዲውን ስላየሁት ነው፤ አይቼም ዝም ስላልኩ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። ለአጋዘን የሚያለቅስ ሰው አይደለሁም። በፕላስቲክ የተጠቀለለ ሥጋ ከሱፐርማርኬት እየገዛ፣ የአጋዘኑ ዓይን ሲያሳዝን እያለ ከንፈሩን የሚመጥ ሰው ያስቀኛል። ሥጋ የሚበላ ሁሉ የሚገደልለት እንስሳ አለው፤ ራሱ ቢገድለው ቢያንስ ራሱን አይዋሽም። የእኔ ንዴት ሌላ ቦታ ነው። አጥሩ ጋ ነው።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ የምንኖረው አልበርታ ውስጥ፣ ዋይትሆርን በሚባል ሰፈር ነበር። እኔ ዳውንታውን በአንድ የፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ትኬት እቀበላለሁ፤ በአንዱ መኪናና በሚቀጥለው መካከል መጽሐፍ አነባለሁ። ስለዚህ በቤተሰቡ ዘንድ የተማረው ሰው እኔ ነበርኩ። የተማረ መሆን ማለት በተግባር ለዘመድ ሁሉ ፎርም መሙላት፣ ሐኪም ቤት ማስተርጎም፣ ስልክ ላይ ለሰው ብሎ መጨቃጨቅ ማለት ነው። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም አደን ሲጀምርም አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ።

አማቼ መጋዘን ውስጥ ነበር የሚሠራው። አደኑን ያስለመደው አንድ የሺፍት ጓደኛው ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የአባቱን መሬት እንዲጠቀም ፈቀደለት። ኮርሱን ወሰደ፣ ፈቃድ አወጣ፣ ጠመንጃ ገዛ። ደንቡ የተጻፈበትን መጽሔት ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ምግብ አፍስሶ አጋዘን መጥራት በአልበርታ ክልክል መሆኑን በአማርኛ፣ በቀስታ፣ ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ። አልሰማሁም እንዳይል ነው ይህን የምጽፈው።

በመጀመሪያው ዓመት ገና ከመድረሳችን መኪናዬ ቦይ ውስጥ ገባች። በረዶው ጎማውን ዋጠው። ከምናድንበት መሬት በአጥር ማዶ ያለው እርሻ ባለቤት፣ ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ሚስቱ የሞተችበት ብቸኛ ሽማግሌ፣ በትራክተሩ መጥቶ ጎትቶ አወጣን። ከዚያ ሰንሰለቱን እየጠቀለለ የት እንደምንሄድ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

"እዚያኛው መሬት ላይ ፈቃድ ካላችሁ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። እኔ ጋ ግን አደን የለም" አለኝ።

ምክንያቱን ሳልጠይቀው ነገረኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌላ አዳኝ በዚያው አጥር ሥር መኖ እየከመረ አጋዘኖቹን ከሽማግሌው ዛፎች መካከል ሲጠራ ከርሟል። አንድ ጠዋት የተኮሰው ጥይት አጥሩን አልፎ የከብቶቹን ውሃ ማጠጫ ገንዳ በሳው። "እኔ ገንዳው አጠገብ ነበርኩ" አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

"ሁለት ነገር ብቻ ነው የምለምንህ። አንደኛ፣ አጥሩ ጋ ምግብ አትድፉ። ሁለተኛ፣ የቆሰለ እንስሳ ወደ እኔ ከዘለለ መጀመሪያ መጥታችሁ በሬን አንኳኩ፤ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።"

ለአማቼ ተረጎምኩለት። "እሺ ይበሉት ጋሼ፣ ብርድ ነው" አለኝ።

እሺ አልኩ። ሽማግሌው ግን ወደ አማቼ እያየ፣ "ስለ እሱስ?" አለ።

"ስለ እሱም እኔ አለሁ" አልኩት።

ይህ በእኛ ዘንድ ዋስ መሆን ነው። ወረቀት የለውም፣ ፊርማ የለውም፤ ያኛው ሲያጠፋ የሚፈለገው አንተ ነህ ማለት ነው። ሽማግሌው ዋስ የሚለውን ቃል አያውቀውም፤ ነገሩን ግን ያውቀዋል። ጓንቱን አውልቆ ጨበጠኝ።

በዚያ ዓመት ሦስት ቅዳሜ ተቀምጠን፣ እግራችን ደንዝዞ፣ ባዶ እጃችንን ተመለስን። በሁለተኛውም ዓመት እንደዚያው። እነዚያ ሁለት ዓመታት አደን ነበሩ።

በሦስተኛው ዓመት አማቼ አፉን ከፍቶ ቃል ገባ። የማኅበራችን ሰዎች ፊት፣ ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት ለቅበላው አጋዘን አበላችኋለሁ አለ። ሰው አጨበጨበ። የአደኑ ወቅት ሊዘጋ ሲል ነው ጾሙም የሚገባው፤ ስለዚህ የቀረችው አንዲት ቅዳሜ ነበረች።

በዚያች ቅዳሜ ጠዋት ገና ሳንቀመጥ በረዶው ላይ ቡናማ እድፍ አየሁ። አጥሩን ተከትሎ እዚህም እዚያም ፈስሶ፣ ረግቶ፣ እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርቋል። በመካከሉ የእንጀራ ቁራጭ ተሰግስጓል። ዙሪያውን ኮቴ በኮቴ ነው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት።

"አተላ ነዋ ጋሼ።" ሳቀ። "የእህቴ አተላ። ለማኅበሩ ጠላውን ስትጠልል ባልዲውን ተቀበልኳት። ማክሰኞ ከሺፍት ስወጣ መጥቼ ደፋሁ፣ ሐሙስ ደገምኩ። ላም የምትወደውን እሱ ምን ብሎ ይጠላል?"

"ቃል ሰጥተን አልነበረም እንዴ?"

"ቃል የሰጠነው ለሱ መሬት ነው። ይቁጠሩት ከፈለጉ፤ ከአጥሩ አሥር እርምጃ፣ በእኛ በኩል።"

"በእኛ በኩል? አንተ እዚህ ምን መሬት አለህ?"

"ኧረ ጋሼ! እርስዎ ደግሞ መጽሐፉን ሲያበዙት እንዲህ ያደርግዎታል። አጋዘኑ የማንም አይደለም። ራበው፣ መጣ፣ በላ። ማን ገፋው?"

መኪናዋ የእኔ ነበረች። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ተነሥቼ መሄድ፣ ወይም የሽማግሌውን በር ማንኳኳት እችል ነበር። አላደረግኩትም። አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ያውም ድምፅ እንዳላሰማ ተጠንቅቄ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ማንንም ስሰድብ ራሴን አስቀድሜ መሆኑ ይታወቅልኝ።

ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ቀንዱ ገና ሁለት ቅርንጫፍ ያወጣ ወንድ አጋዘን ከሽማግሌው ዛፎች መካከል ወጣ፣ ሽቦውን እንደ ዋዛ ዘለለና አቀርቅሮ የረጋውን አተላ መላስ ጀመረ። አንድም ጊዜ ቀና አላለም። እኔ ያየሁት አፈሙዙን ነው። አተላው ከአጥሩ አሥር እርምጃ ብቻ ስለሆነ፣ የሚተኮሰው ወደ አጥሩ ነው፤ ከአጥሩ ኋላ ያለው የሽማግሌው ግጦሽ ነው። ሽማግሌው ሁለት ዓመት ቀድሞ የነገረኝ ይህንኑ ነበር።

ተኮሰ። አጋዘኑ ተንገዳገደ፣ ሽቦውን መልሶ ዘለለ፣ ወዲያ ማዶ ትንሽ ሮጦ ወደቀ። እግሩ ይንፈራገጣል። አማቼ ጠመንጃውን እኔ ላይ ጥሎ ቢላዋውን መዘዘ።

"መጀመሪያ በሩን እናንኳኳ!" አልኩት።

"እስክናንኳኳ ይሞታላ! ከሞተ በኋላ በክት ማን ይበላልኛል?"

ሮጠ። ሽቦው ጃኬቱን ከጀርባው ሸረከተው፤ አላቆመም። ሳይባረክ የሞተ እንስሳ ማኅበሩ ፊት አይቀርብም፤ ስለዚህ ነፍሱ ሳትወጣ ሊደርስባት ነው። "በስመ አብ" ሲል ድምፁ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። የአብን ስም የጠራው እንዳትገባ የተባለበት መሬት ላይ ተንበርክኮ ነው።

ሽማግሌው ተኩሱን ሰምቶ በእግሩ መጣ። አጋዘኑን አየ። ደሙን ተከትሎ ወደ አጥሩ ተመለሰ፣ በሽቦው መካከል አሻግሮ ቡናማውን እድፍ አየ። ሽቦውን አልፎ ሄደና አጎንብሶ አተላ የደረቀበት የእንጀራ ቁራጭ ነቀለ።

"ምንድን ነው ይሄ?" የጠየቀው እኔን ነው።

"ለወፍ ነው ይበሉልኝ ጋሼ" አለኝ አማቼ በአማርኛ፣ ጥርሱን እያሳየ። "ለወፍ። የሃይማኖታችን ሥርዓት ነው ይበሉት።"

ሃይማኖቱን ተውኩት። ወፉን ግን ተረጎምኩት።

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ቁራጩን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። ከዚያ አንዱን ቀንድ ይዞ አጋዘኑን እስከ አጥሩ ድረስ አብሮን ጎተተ። ቢሰድበኝ ኖሮ መልስ አላጣም ነበር፤ ሲያግዘኝ ግን ሌላኛውን ቀንድ ይዤ አብሬው ጎተትኩ።

በማግሥቱ እሑድ የማኅበሩ ሰዎች እኛ ቤት ተሰበሰቡ። ጥብሱ ሲወጣ ከሁላችን የሚበልጡት እትዬ ሳህናቸውን ይዘው አማቼን ጠየቁት፤ "በነፍሱ ደረስክበት ልጄ? ተባርኳል?"

"ተባርኳል እትዬ። በገዛ እጄ።"

"እንግዲህ ምን ቀረ? እጅህ ይባረክ።"

ያን ጊዜ ነው የተናደድኩት። ቢላዋውን ጠየቁ፣ ጸሎቱን ጠየቁ፣ የሰኮናውን መሰንጠቅ ሳይቀር ጠየቁ። ወደ ቢላዋው እንዴት እንደመጣ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

"የተጠራው በአተላ ነው፤ የታረደው ሰው በከለከለን መሬት ላይ ነው" አልኩ።

ባለቤቴ ሳቀች። "በእኔ አተላ? ጠላዬ የት ደርሷል በሉኛ!" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ተው በናትህ፣ ወንድሜን በሰው ፊት አታዋርደው" አለችኝ።

አማቼ ግን መከራከር ፈለገ። "እሺ፣ ልጠይቅዎት። ፈረንጁ ገበሬ ለከብት መኖ አልፋልፋ ይዘራል፣ ጫፉ ላይ ጠመንጃውን ይዞ ይቀመጣል። እሱ ስፖርት ነው። እኔ ባልዲ ስደፋ ሌባ?"

ጥያቄው ባዶ አይደለም። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ በሆድ በኩል ካየኸው አልፋልፋውም አተላውም ያው ነው፤ ልዩነቱ ቀጭን ነው። ግን አልፋልፋ የዘራ ሰው እርሻው በጋውን ሙሉ ከመንገድ ይታያል፤ ጎረቤቱም አይቶ ከብቱን ያርቃል። ባልዲ የሚደፋ ሰው ማንም በማያየው ማክሰኞ መጥቶ፣ ሌላው የተጠነቀቀለትን እንስሳ ከዛፉ ሥር አስነሥቶ፣ አሥር እርምጃ ቆጥሮ ንጹሕ ነኝ ይላል። አጋዘኑ የማንም አይደለም ካልን የአማቼም አይደለም። አጥሩ እንስሳውን አያቆመውም፤ ማንም ገበሬ ይህን ያውቃል። አጥር የሚሠራው ሰውን ለማቆም ነው፤ አማቼም ከአጥሩ በአሥር እርምጃ የራቀው ለአጥሩ ደንታ ስላለው ሳይሆን ደንታ ያለው ለመምሰል ነው።

ይህን ሁሉ ያን ቀን አልተናገርኩም። ሳህኔን አስቀምጬ ወጣሁ፤ ሰዎቹም ጾሙን አስቀድሞ ጀመረ ብለው ቀለዱብኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቻዬን ነድቼ ሄድኩና የሽማግሌውን በር አንኳኳሁ። ወደ ውስጥ አላስገባኝም። በረንዳው ላይ ቆመን ነገርኩት። ለወፍ አይደለም፤ ጠላ የሚባል መጠጣችን ዝቃጭ ነው፤ ሁለት ቀን ተደፍቷል፤ እኔም ከመተኮሱ በፊት አውቄያለሁ።

"ለወፍ እንዳልሆነ አውቃለሁ" አለኝ። "ሰባ ዓመት ሙሉ ወፍ አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?"

"ምን እንደሆነ ፈልጌ አይደለም የጠየቅኩህ። አንተ ምን እንደምትል ለመስማት ነው።"

ይቅርታ ጠየቅኩት። ተቀበልኩህ አለኝ። አደን ተቆጣጣሪዎቹ ጋ አልደወለም፤ ለምናድንበት መሬት ባለቤት፣ ለሺፍት ጓደኛው አባት፣ ግን የሰማውን እንደሚነግረው አስታወቀኝ፤ የአማቼም እዚያ የማደን ፈቃድ በዚያው ተነሣ። እኔ ግን ይህን ያህል መንገድ ነድቼ እውነቱን ስለነገርኩት፣ በልቤ አንድ ነገር ጠብቄ ነበር። ወደዚህ አጥር እንደገና ልትመጣ ትችላለህ እንዲለኝ ጠብቄ ነበር።

"አንተም አትምጣ" አለኝ። "ስለ እሱም እኔ አለሁ ያልከኝ አንተ ነህ።" በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

አማቼ ፈቃዱ የተነሣው በእኔ አፍ መሆኑን ሲሰማ እስከ ፋሲካ አላናገረኝም። ባለቤቴም ለባዕድ ሽማግሌ ብዬ ቤተሰብ መበተኔን ለእናቷ ስልክ ደውላ ነገረች። እኔ ደግሞ ለወራት የተናደድኩት በሽማግሌው ነበር፤ እውነት ይዤ ሄጄ በር ስለዘጋብኝ። ትክክል መሆኑ እስኪገባኝ ክረምቱ አለቀ። እውነቱ ያስፈለገው አጥሩ ጋ፣ ቁራጩን ይዞ ሲጠይቀኝ ነበር። በረንዳው ላይ ያመጣሁለት ቀኑ ያለፈበት ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፤ አተላ ይሁን በቆሎ፣ ፖም ይሁን ጨው፣ ከሰው አጥር አጠገብ የደፋህ ወዳጄ ሆይ። አሥር እርምጃህን አትቁጠርልኝ። አጋዘኑ የማንም አይደለም አትበለኝ። ተነሣና ሂድ፣ የጎረቤቱን በር አንኳኩተህ ራስህ ንገረው፤ ሳትተኩስ ንገረው።