ለቢኒያም የገጣጠምኩት ኮምፒውተር

ወደ ደቡብ አፍሪካ ልሰደድ ከሚዛን ተፈሪ የወጣሁ ሌሊት ዝናቡ አላባራም ነበር። ታናሽ ወንድሜ ቢኒያም ሻንጣዬን ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝና፣ "እኔም እከተልሃለሁ" አለኝ።

"ከእማ ጋር ከቀረህ ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር እልክልሃለሁ፤ የራስህን ጌም ቤት ትከፍታለህ" አልኩት።

መንገዱን ካየሁት በኋላማ ቃሌን መጠበቅ ግድ ሆነብኝ። ያየሁትን አልነግራችሁም፣ ብቻ ወንድሜ እንዲያየው አልፈለግኩም።

ጆሃንስበርግ ሐምሌው ደረቅ ብርድ ነው፤ ፓፕ የሚሉት ምግባቸውም ቅቤ ያልጎበኘው ገንፎ። ከቢሮ የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር ገዛሁና ፈታትቼ አጸዳሁት፣ ጌም እንዲችል ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ጨመርኩበት። በሁሉም ነገር ስቆጥብ ኤሌክትሪኩን የሚቀበለውን ፓወር ሰፕላይ ግን አዲስ ገዛሁ፤ የሚዛን መብራት እንዴት እንደሚዋዥቅ አውቀዋለኋ። እየሞከርኩት ሳለ አከራዬ ሳያንኳኳ ገባ።

"ምንድነው የሚጮኸው?"

"የኮምፒውተር ማራገቢያ ነው።"

"ስደተኛ ነኝ፣ ምንም የለኝም ብለኸኝ አልነበር?"

"የለኝም። ይሄ የወንድሜ ነው።"

"ታዲያ የመብራቱን ሒሳብ ወንድምህን ልጠይቀው?"

ከፈልኩት፣ ምን አደርጋለሁ። ኮምፒውተሩን በሚዛን አልፎ ወደ ቴፒ በሚመለስ ያገር ልጅ ላክሁት። ለራሴም ከትርፍራፊው አንድ ገጣጥሜ፣ ማታ ማታ ከቢኒያም ጋር በኢንተርኔት መጫወት ጀመርን። ጌሙ ውስጥ ሲገባ ስሙ አጠገብ አረንጓዴ ይበራል። እሱን ሳይ እፎይ እላለሁ፤ ቤቱ አለ ማለት ነው። አንዳንዴ "እዚያ ኔትወርክ አይቆራረጥም አይደል?" ይለኛል። ጥያቄውን አልወደድኩትም።

ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ጌሙ ላይ ስሙ ግን በራ። "የት ጠፋህ?" ብዬ ጻፍኩለት።

"ቢኒያም ሄዷል። እኔ እዚሁ ሚዛን መንገዱን ያመቻቸሁለት ደላላ ነኝ። ኮምፒውተሩን በመንገዱ ክፍያ ፈንታ ሰጥቶኛል" የሚል መልስ መጣ።

"የት ደረሰ?"

"መጀመሪያ ይሄ ነገር ለምን እንደሚሞቅ ንገረኝ።"

"ዳንቴል አልብሰውት ከሆነ ያንሱለት፤ አየር ይፈልጋል።"

ጥቂት ቆይቶ፣ "አነሳሁት። ሞያሌን አልፏል" አለኝ።

ልረግመው ነበር። ግን የወንድሜ ወሬ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። በየምሽቱ እንጫወታለን። ካሸነፈኝ "ልጁ ደህና ነው" ይለኛል፤ ከተሸነፈ ሳይሰናበት ይወጣል። ስለዚህ እሸነፍለታለሁ። በወንድሜ ስም ገብቶ፣ በገጣጠምኩት ኮምፒውተር ጌሙ ላይ ይገድለኛል፤ እኔም "ጎበዝ ነዎት" እለዋለሁ። እሱን እጠላዋለሁ፣ ራሴን ደግሞ ከሱ አስበልጬ።

ትናንት እጄ አመለጠኝና አሸነፍኩት። አረንጓዴው ወዲያው ጠፋ።

ዛሬ ጠዋት እማ ደወለች።

"ደላላው ማታ ስለ ቢኒያም ምን አለህ?"

"ምንም አላለኝም፣ እማ። መብራት ጠፍቶበት ይሆናል።"



"ሌሊቱን ሙሉ መብራት ነበረ፣ ልጄ" አለችኝ።