የደነዘዘ እግርና የሚሰምጥ ፍሬን

ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ "ፍሬኑ" ነው የሚሉት። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ፍሬን ብቻ ነው፣ ያውም በእግሩ እያዳመጠ። መርገጫውን አንዴ ጫን ካደረገ፣ አየር ገብቷል፣ የፍሬን ሸራው አልቋል ብሎ ቁጭ ያደርግልሃል። ይህ እግር ታዲያ ካለፈው ዓመት ወዲህ ደንዝዟል። ስኳር ነው አሉት ሐኪሞቹ። እሱ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም፣ ለሚስቱም ቢሆን። እግሩ ካልሰማ ፍሬኑ ምን ሊሠራ ነው?

ሚስቱ እዚያው ጋራዥ ጥግ ላይ፣ በእግር በሚረገጥ የልብስ ስፌት መኪና የመኪና ወንበር ልብስ ትሰፋለች። "እሱ ያቆማቸዋል፣ እኔ አስቀምጣቸዋለሁ" እያለች ትቀልዳለች።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት የጥርስ ሐኪም ደንበኛቸው ከአባቷ የወረሰቻትን አሮጌ ባለ ቆዳ ወንበር መኪና ይዛ ተመለሰች። መኪናዋ ያረጀች እመቤት ናት፤ ኩራቷ ግን አላረጀም። መብራት ላይ ፍሬን ተይዞ ሲቆም፣ ቀስ ብላ ወደፊት ትንፏቀቃለች። ሌሎች ጋራዦች ሸራም ዲስክም ቀይረውላት ነበር፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ፍሬኑም ባለፈው ሳምንት መርገጫውን ረግጦ እንደ ድንጋይ ሲጠነክርበት፣ "ምንም የላትም" ብሎ ሸኝቷት ነበር።

"ትናንት ከፊቴ የቆመ ብስክሌተኛ ልገጭ ለጥቂት ነው የተረፍኩት" አለችው ሐኪሟ፣ ቁልፉን እየሰጠችው።

ከሄደች በኋላ ዘይት የሚያፈስ ጎማ እንዳለ ሊያይ መኪናዋ ሥር ገባ። ሚስቱ የተቀደደውን የሾፌር ወንበር ልትለካ ተቀምጣ ነበርና፣ "እስቲ ሞተሩን አስነሺና መርገጫውን ያዢልኝ" አላት።

ጠብ ያለ ነገር የለም።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር እየሰመጠ ነው" አለች ከላይ።

"አይሰምጥም። ጠበቅ አድርገሽ ርገጪው።"

"ጠበቅ ሳደርገውማ ይቆማል! ስሰፋ እንደምረግጠው ቀስ አድርጌ ስይዘው ነው ወደ ታች የሚሄደው።"

እዚያው በጀርባው እንደተኛ ገባው። የፍሬን ፖምፓው ጎሚኒ፣ ዘይቱን የሚገፋው ላስቲክ፣ ተበልቷል። በኃይል ሲረገጥ ላስቲኩ ተለጥጦ ይይዛል፤ በቀስታ ሲያዝ ግን ዘይቱ እዚያው ውስጥ ሾልኮ ይመለሳል፤ ውጭ ምንም አይታይም። የደነዘዘ እግር ደግሞ ቀስ ማለት አይችልም፤ መደብደብ ብቻ ነው። ብስክሌተኛው ትዝ አለውና አፈረ።

ፖምፓውን ፈታው፤ እንደገመተውም ሆኖ ተገኘ። ሚስቱ አጠገብ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለና፣ "እግሬ አይሰማኝም" አላት።

"አውቃለሁ እኮ።"

"እንዴት?"

"ነጠላ ጫማህ ሲወልቅ ሳታውቀው ግቢውን ታቋርጣለህ። ማን ሲለቅምልህ የከረመ መሰለህ?"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"እስክትነግረኝ ነዋ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ልተርትብህ?"

"አሁን ተረትሽ አይደል!" አለና ሳቀ። ከተሳሳቁ ቆይተው ነበር።

ሐኪሟ አዲሱ ፖምፓ ከገባ በኋላ መጣች። ነድታ፣ ቆማ፣ እንደገና ነድታ ተመለሰች። "ባለፈው ለምን አልታየህም?" አለችው። "ያኔ አልጀመራትም ነበር" የሚል ውሸት ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው።

"እግሬ ደንዝዟል፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ብልሽቱን ያገኘችው እሷ ናት" አለ፣ ወደ ስፌቱ ጥግ እየጠቆመ።

ሐኪሟ ወደ ሚስቱ ዞር አለች። "እንግዲህ ስመጣ ሁለታችሁም ኑሩልኝ" ብላ ሄደች።

ወሬው ዋለ አደረና ለሰፈሩ ሾፌር ሁሉ ደረሰ። ፍሬኑ ደንበኛ ይሸሻል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አልሸሹም። ብቻ አሁን በር ላይ የሚቆመው ሰው "ፍሬኑ አለ?" ማለቱን ትቷል። "እሷ አለች?" ነው የሚለው። ፍሬኑ ቅር ይለዋል፤ ለምን ይዋሻል። ቢሆንም ክሪኩን ብድግ አድርጎ፣ "አለች፣ ግባ" ይላል፤ ከዚያም መኪናው ሥር ተኝቶ፣ እግሯ የሚለውን እስክትነግረው በደስታ ይጠብቃል።